ጉማሬውን ልግዛ አልግዛ ስል

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ልጄ ክረምቱ ሳይገባ ነው ትላለች፤ ባለቤቴ ደግሞ የለም፣ ማንጎ እየተለቀመ ነበር ትላለች። እነሱ ይከራከሩ። እኔ የማውቀው አባያ ሐይቅ አብጦ የታችኛውን የሙዝ ረድፌን ከዋጠ በኋላ መሆኑን ነው። ከዚያ ሌላ በጭንቅላቴ የቀረው ጭቃው፣ ደሙና የዚያ ሞተር ጩኸት ነው።

ማሳዬ ከሐይቁ ዳር ነው። ከገረሴ ደጋ ጎረምሳ ሆኜ ስወርድ ቦታው እሾህና ትንኝ ብቻ ነበር። ወባ እያንቀጠቀጠኝ እሾሁን መነጠርኩ፣ ቦይ ቆፈርኩ፣ ሙዝ ተከልኩበት። ልጆቼን ያሳደግኩት በእሱ ነው። ከአስፋልቱ መገንጠያ እስከ ማሳው ድሮ በእግር ይኬድ ነበር። ሐይቁ ካበጠ ወዲህ ግን የመንገዱ መሀል ረግረግ ሆነ። መኪና አይደፍረውም። ባጃጅማ ገና ከዳር አፍንጫውን ተክሎ ይቀራል።

በዚያ ላይ እግሬ ተሰበረ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሙዙ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር ሰማሁ። የጎረቤት ከብት መስሎኝ «ውጣ!» ብዬ ቅጠሉን በዱላ መታሁ። የወጣው ጉማሬ ነው። አልነከሰኝም፤ ነክሶኝ ቢሆን ይህን የሚያወራ ሰው አይኖርም ነበር። በትከሻው ገጨኝና የሙዝ ግንድ ላይ ወረወረኝ፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ እየተንጎማለለ ወደ ውሃው ወረደ። ጭኔ ሲሰበር ድምፁን ሰምቼ፣ እንጨት የሰበረው ማነው ብዬ ዞር ብያለሁ።

ሆስፒታል ተኝቼ ወጣሁ። አጥንቱ ገጠመ፣ ግን ጠሞ ነው የገጠመው። በምርኩዝ ቤቴን እዞራለሁ፤ ጭቃ መሻገር ግን ቀረ። ባለቤቱ የማይደርስበት ማሳ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ቦዩ ይደፈናል፣ ዘለላው ሳይበስል ሌባ ይቆርጠዋል፣ አረሙ ሰው ያክላል።

«አባዬ፣ ሽጠውና ተገላገል» አለችኝ ልጄ። «ያለ እግር ማሳ ምን ያደርግልሃል?»

«እግር እኮ አለኝ።»

«ያለህ አንድ ነው።»

 ማሳውን ብሸጥ ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት እንደማይኖረኝ እንዴት ብዬ ላስረዳት?

መገንጠያው ላይ የአህያ ጋሪ የሚነዱ ሰዎች ይቆማሉ። ሙዝ ከጭቃው የሚያወጡትም፣ ወደ ከተማ የሚያደርሱትም እነሱ ናቸው። ትልቃቸው በዕድሜ ከእኔ ብዙ አያንስም። ፊቱ የማይፈታ፣ ሰላምታ እንኳ እየቆጠበ የሚሰጥ ሰው ነው። እሱ «እኔ አደርስሃለሁ» አለኝና አንድ ቀን ወሰደኝ። መሄዱን ሄድን። ስንመለስ ሙዝ ጭኖ፣ እኔን ከሙዙ በላይ አስቀመጠኝ። ረግረጉ መሀል ስንደርስ አህያዋ እስከ ሆዷ ሰመጠች።

«ልውረድላት» አልኩት።

«ብትወርድ አንተም ትሰምጣለህ። ዝም ብለህ ተቀመጥ!»

በአለንጋ ገረፋት። አለንጋው ሲበጠስ በዱላ መታት። ዱላው ሲሰበር በጡጫ ጀመረ፤ ጆሮዋን፣ አፍንጫዋን፣ ያገኘውን። ደሙ ፊቱ ላይ እየተፈናጠቀ ይመታታል። እኔ ከላይ ሆኜ «ተው! ተው!» እላለሁ፤ ክብደቴ እኮ ያለው በእሷ ላይ ነው። በመጨረሻ አንገቷን ጭቃው ላይ አጋደመች፤ ትንፋሽዋ ጭቃውን ትንሽ አንቦጫቦጨውና ቆመ። ሰውየው እጁን አየ። ከዚያ እዚያው ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ አንገቷን አቅፎ አለቀሰ። እኔን ሰዎች በቃሬዛ አወጡኝ። እሱ ከዚያ በኋላ ጋሪው ያለ አህያ ቀርቶ፣ የሌሎቹን ጭነት የሚጭንና የሚያወርድ ሆነ። እኔም ሁለተኛ በአህያ ጉልበት ማሳዬ አልሄድም ብዬ ማልኩ።

ያኔ ነው ስለ በያጁ የሰማሁት። ሲቀላ ሰፈር ብረት የሚበይድበት ጋራዥ ያለው ወጣት ነው፤ ለጭቃ የሚሆን ነገር ሠርቷል አሉኝ። ሄጄ አየሁት። ሞተሩ የመስኖ ውሃ ይስብ የነበረ ነው። የኋላ ጎማዎቹ የትራክተር፣ የፊቱ የሞተር ብስክሌት፤ በመሀል በብረት ቱቦ አያይዞታል። ወንበሩን ከተገለበጠ ሚኒባስ ነቅሎ ነው ያመጣው። ወንበሩ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ።

«ይሄ ደም አይደለም?»

«ቀለም ነው ፋዘር።»

«ፍሬኑስ የታለ?»

«ጭቃ ውስጥ ፍሬን ምን ያደርጋል? ጭቃው ራሱ ይይዘዋል።»

ሞተሩን የሚያስነሳው የታጠፈ ብረት ከትቶ በማዞር ነው። ብረቱን ቶሎ ካላወጡት ሞተሩ መልሶ ይማታል፤ ልጁ የተሰበረ የእጁን አንጓ እያሳየ በኩራት ነገረኝ። ሲነሳ ምድሩ ተንቀጠቀጠ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ግቢው ውስጥ ያለ ውሻ ሁሉ ሸሸ። ስሙን «ጉማሬው» ብለውታል።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት የምትቀነጥሰውን የሽፈራው ቅጠል ጣለችው።

«አንተ ሰውዬ፣ አንዱ ጉማሬ እግርህን ሰበረ። አሁን ደግሞ ሌላውን ልትገዛ ነው?»

እውነት ነበራት። ብዙ ቀን አሰብኩበት። ብገዛው በሬዎቼን መሸጤ ነው። ቢገለብጠኝ የቀረችኝንም እግር አጣለሁ። ባልገዛው ማሳው ሄደ። ጋራዡ ሄጄ ጎማውን በምርኩዜ መታ መታ አደርገውና ሳልናገር እመለሳለሁ። መገንጠያው ላይ ሳልፍ ከጋሪ ነጂዎቹ አንዱ፣ ምላሱ የማያርፍ ጎረምሳ፣ ይጮህብኛል።

«አባባ! ብረት ሊጋልቡ ነው አሉ? እኛስ ምን እንብላ፣ ናፍጣ እንጠጣ?»

ሌሎቹ ይስቃሉ። ሳቁ ግን የሚያስደስት ሳቅ አልነበረም።

በመጨረሻ በያጁን «ሳልሞክረው አልገዛም፤ ማሳዬ ድረስ አድርሰኝ» አልኩት። ተነሳን። እሱ ይነዳል፣ እኔ ከኋላው ወንበር ላይ በገመድ ታስሬያለሁ። በጋሪ ነጂዎቹ አጠገብ ስናልፍ ሁሉም ሥራቸውን ትተው በዓይን ሸኙን። ረግረጉ ውስጥ ስንገባ ነገሩ እንደ ተወጋ በሬ ዘለለ። አገጬ ከጉልበቴ ጋር ተጋጭቶ ምላሴን ነከስኩ፣ አፌ ደም ሞላ። ጎማው የሚወረውረው ጭቃ እንደ ድንጋይ ፊቴን ይመታኛል። የተጠገነው ጭኔ በየጉድጓዱ እንደ አዲስ የተሰበረ ይመስለኝ ነበር። አህያዋ በሞተችበት ቦታ ላይ ስናልፍ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ማዶ ነን።

ማሳዬን አየሁት። ግማሹ ወድቋል፣ ብዙው ተሰርቋል። ግን ከወደቀው ሥር አዲስ ቡቃያ ወጥቶ ነበር። ወርጄ አንዱን ግንድ ይዤ ቆምኩ፤ ደም ያዘለ ምራቄን እየተፋሁ ሳቅኩ። የያኔውን ሳቄን በያጁ ዛሬም ያነሳብኛል።

ስንመለስ ልጁ ሳልለው የተረፈውን ሙዝ ቆርጦ ጫነበት። ጉልበቱን ላሳይህ አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ስለነበር አልከለከልኩትም። መገንጠያው ላይ ስንደርስ ጋሪ አጋድመው መንገዱን ዘግተው ጠበቁን። ጉማሬው እኔን ሽማግሌውን ብቻ ቢያመላልስ ምናልባት ያልፉን ነበር። ዓይናቸው ግን ሙዙ ላይ ነው።

«ሙዙን አውርድ!» አለው ምላሰኛው ጎረምሳ።

«መንገድ ልቀቁ!» አለ በያጁ፣ ሞተሩን እያጮኸ። በጎን ሊያልፍ ሞከረ። ፍሬን የለው። የትራክተሩ ጎማ የጋሪውን ጎማ እንደ ሸንበቆ ሰባብሮት ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። ድንጋይ መጣ። በያጁን በሸሚዙ ጎትተው አወረዱት። ምላሰኛው የአህያ ሰንሰለት ጠቅልሎ በጀርባው ላይ አወረደበት። በያጁ ያን የታጠፈ ብረት አንስቶ ሲያወናጭፍ ጎረምሳውን ግንባሩ ላይ አገኘው፤ ግንባሩ ተከፈተ፣ ደሙ ዓይኑን ሸፈነው። ይህን ሲያዩ ሁሉም በያጁ ላይ ወደቁበት። የዱላው ድምፅ እርጥብ ልብስ ድንጋይ ላይ ሲመታ እንደሚሰማው ነበር። ልጁ መጀመሪያ ይሳደባል፣ ቀጥሎ «እናቴ!» ይላል፣ ቀጥሎ ዝም አለ። ያ ዝምታ ነው ያስፈራኝ።

ገመዱን ፈትቼ መሬት ወደቅኩ። መቆም አልቻልኩም። በክርኔ እየተሳብኩ ከቦዩ ዳር እርጥብ ሳር ነጨሁ። በእኛ በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ በጠበኞች መሀል ከተንበረከከ እሱን ማለፍ ጎሜ ነው፤ ጎሜ የደፈረውን ሰው ከነዘሩ የሚከተል እርግማን ነው። ሳሩን ከፍ አድርጌ «ስለ ፈጣሪ፣ ተዉ!» አልኩ። አንዱ ሳሬን በእግሩ መታው፤ ሳሩ ተበተነ።

«አንተ ባለ ብረቱ ነህ! የአንተን ሳር ማን ይሰማል?»

እውነቱን ነው። ጠቡ የእኔም ጠብ ነበር። ይህ ልጅ እኔን ማሳዬ ላድርስ ብሎ በፊቴ ሊሞት ነው ብዬ ፊቴን መሬት ላይ ደፋሁ።

ቀና ስል ያ አህያዋን የገደለው ሰው ከመሀላቸው ሲወጣ አየሁ። እሱም ዱላ ይዞ ነበር፤ ጫፉ ደም ነበረው። ዱላውን ወረወረ። በሁለት እጁ ሳር ነጨና በያጁ ላይ ለመውደቅ ምንም ሳይቀረው ከፊቱ ተንበረከከ። አንድ ዱላ እየወረደ ስለነበር መመለስ አልተቻለም፤ የመታው እሱን ነው፣ ትከሻው ላይ። አጥንቱ ሲጮህ ሰማሁት፤ ያን ድምፅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰውየው አልተነቃነቀም፤ ሳሩን ብቻ ከፍ አደረገ።

«ጎሜ ነው!» አለ። «ልጆቼ፣ የሚያልፈኝ ካለ ይለፈኝ! በሬሳዬ ላይ አልፎ ይብላ ሙዙን!»

የመታው ወጣት ዱላው ከእጁ ወደቀ። ከዚያ የሌሎቹም አንድ በአንድ። ምላሰኛው ደሙን በክንዱ እየጠረገ ጥቂት ቆመ፤ ሰንሰለቱን ጣለና እሱም ተንበረከከ። ሞተሩ ብቻ እየጮኸ ቀረ። እንዴት እንደሚጠፋ የሚያውቀው በያጁ ነው፤ በያጁ ደግሞ ራሱን ስቷል።

ልጁ ተረፈ። ጎድኑና ጥርሱ ተሰብሮ ሆስፒታል ሰነበተ። ሲወጣ ዱቡሻ በምንለው መሰብሰቢያ ሽማግሌዎች አስቀመጡን። ባለ ጋሪዎቹ በአንድ ወገን፣ እኔና ልጁ በሌላ ወገን። የሰው ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነበር፤ ትገዛለህ ወይስ አትገዛም?

«እኔ ማሳዬን ነው የፈለግኩት» አልኩ። «በሰው ደም የማገኘው ከሆነ ግን ልጄ እንዳለችው ሸጬ እቀመጣለሁ።»

ያ ሰው ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተነሳ።

«ግዛው» አለኝ። «ያ ጭቃ አህያ በልቷል። ጭቃው የብረቱ ይሁን። ከመገንጠያው ወዲህ ያለው ደረቅ መንገድና ጭነቱ የእኛ ነው። ጎማው አስፋልት የረገጠ ቀን ግን እኔው ራሴ ዱላዬን አነሳለሁ።»

ሰው ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። በያጁ የሰበረውን ጋሪ በገዛ እጁ ሊጠግን ቃል ገባ፤ ጥርሱ በጎደለ አፉ ይቅርታ ጠየቀ፣ እነሱም ጠየቁት። እርጥብ ሳር አብረን ይዘን ተነሳን።

ጉማሬውን ገዛሁት። አሁንም ያንገጫግጨኛል፣ ምላሴን ያስነክሰኛል፣ ባለቤቴም በተመለስኩ ቁጥር እግሬን ትቆጥራለች። ሙዙን መገንጠያው ላይ አወርዳለሁ፤ ጋሪዎቹ ይረከቡኛል። በያጁ ፍሬን ሠርቶለታል።

ያን ሰው አንድ ቀን መገንጠያው ላይ፣ ለምን እንደዚያ አደረግህ ብዬ ጠየቅኩት። ትከሻውን ሲበርደው ያመዋል፤ እያሸው «ሳሩ ቅርብ ነበር» አለኝ። 

ሰዎች ማሳህን ያዳነልህ ያ ብረት ነው ይሉኛል። አይደለም። ወደ ማሳዬ የመለሰኝ ያ ፊቱ የማይፈታው ባለ ጋሪ ነው፤ አህያዋ በእኔ ጭነት ጭቃ ውስጥ የሞተችበት ሰው።