ስምህ ማን ነው?

እናቴ ያን ዕለት ለምን «አሜን» አለች? ይህን ጥያቄ ዛሬም መመለስ አልችልም። ቤት ውስጥ አፌ እንደማያርፍ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ዲቪ ደርሶን ዳላስ በገባንበት ዓመት ቤተ ክርስቲያናችን የራሷ ሕንፃ አልነበራትም። አሜሪካኖቹ ጠዋት አምልከው ሲወጡ እኛ ከሰዓት በኋላ እንገባ ነበር። የሰንበት ትምህርት ክፍላችን የእነሱ ልጆች የበሉት ዶናት፣ የተረገጠ ምንጣፍና የከለር እርሳስ ይሸት ነበር። ወንበሮቹ ለሕፃናት የተሠሩ ስለሆኑ ስቀመጥ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ይደርሳል። ከሁሉም ትልቋ እኔ ነበርኩ፤ ማንበብ የማልችለውም እኔ ብቻ። እኔ ባደግኩበት ገጠር ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነበር። እዚህ የተወለዱት ልጆች እንኳ ጥቅሱን በእንግሊዝኛ ፊደል አስጽፈው ያነበንቡታል።

አስተማሪያችን ወንድም ታምራት ነበር። ዛሬ ፓስተር ነው፤ ፊት ለፊት ስንገናኝ «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ «እሱ» ይበቃዋል።

የሚወደው ጨዋታ ጥቅስ የማውጣት ውድድር ነበር። ምዕራፍና ቁጥር ይጠራል፣ ልጆቹ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን እየተንጫጩ ያገላብጣሉ፣ ቀድሞ ያገኘ ተነሥቶ ያነባል። መዝሙረ ዳዊትን ከእናቴ አፍ እየሰማሁ በቃሌ ይዤው ነበር፤ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ግን አላውቅም። «አንብቢ» ስባል ገጹን ትክ ብዬ እያየሁ ዝም እላለሁ። አልችልም ማለት ሞት መሰለኝ። ልጆቹ «ሚዩት ላይ ነች» እያሉ ይስቁብኝ ጀመር። ወንድም ታምራት ግን አልሳቀም። «ፊደል ቆጥረሻል ወይ?» ብሎም አንድ ቀን አልጠየቀኝም። እናቴን ጠርቶ «እህቴ፣ ልጅሽ ላይ ዲዳ መንፈስ አለ» አላት።

በሚቀጥለው እሑድ ጉባኤው ፊት አወጡኝ። ወንድም ታምራት ራሴን በአንድ እጁ ጭምቅ አድርጎ ይዞ፣ በሌላው ማይኩን አፉ ላይ ለጥፎ ጮኸ፦ «ስምህ ማን ነው?»

ግራ ገባኝ። ከኋላዬ የቆመ ወንድ ልጅ ካለ ብዬ ልዞር ሞከርኩ፤ ማንም የለም።

«ተናገር! ስምህ ማን ነው?»

እዚህ የተወለዱት ልጆች ወንዱን አንቺ፣ ሴቷን አንተ ሲሉ እሰማ ነበር። ይህ ትልቅ ሰው ግን ምን ነካው? እኔ ደግሞ ያኔም ስህተት ሰምቼ ማለፍ አልችልም።

«ስምሽ ነው የሚባለው» አልኩት። «ሴት ነኝ።»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ግማሹ «ጋኔኑ ተናገረ!» ይላል፤ ግማሹ «ዲዳዋ ተፈታች!» ይላል። ከሁሉም በላይ ጎልቶ የተሰማኝ የእናቴ «አሜን» ነበር። ምናልባት ከልቧ አምናበት ይሆናል። ምናልባትም ከፎርት ዎርዝ ዌርሃውስ ዕቃ ስትጭን ውላ ደክሟት ስትመጣ፣ እሑድ እሑድ በመኪናው የሚያመላልሰን እሱ ስለሆነ ይሆናል። ሳልጠይቃት ሞተች።

ከዚያ በኋላ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ጠፋ። እናቶች ልጆቻቸውን በእጅጌያቸው ሳብ ያደርጋሉ። እሱ ደግሞ በየኮንፈረንሱ «ጌታ ዲዳ ያናገረበትን ቀን» እያለ ይመሰክርብኝ ነበር። ሀ ሁ ያስቆጠረኝ ቂም ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዛሬ ፕሌኖ ውስጥ አንድ ላይብረሪ ተቀጥሬ እሠራለሁ። እሱ ሲሰብክ የሚያበላሻትን እያንዳንዷን ግሥ በልቤ አርማለሁ። ስለ ይቅርታ ሲሰብክ ሰው ሁሉ አሜን ይላል፤ እኔ ጫማዬን አያለሁ።

አሁን የራሳችን ሕንፃ፣ ግድግዳ የሚያህል ስክሪን፣ ላይቭ ስትሪም አለን። ጥቅስ የሚያወጣው ስልክ ነው፤ መንጫጫት የለም። የሰንበት ትምህርት ክፍሉ አንገታቸውን ደፍተው ስልክ በሚነካኩ ዝምተኛ ልጆች ተሞልቷል፤ ዲዳ መንፈስ ያለበት ግን አንድም አልተገኘም። ያ ዶናት ዶናት የሚሸት ክፍል አንዳንዴ ይናፍቀኛል። መናፈቁ ራሱ ያናድደኛል።

ይህን ሁሉ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። አምና ለቤተ ክርስቲያኑ የምሥረታ በዓል የእሱ ልጅ ሳሮን ምስክርነት ልትቀርጽ ካሜራ ይዛ መጣች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ልበ ቀና ልጅ ናት። እሱ ከኋላዋ እጁን አጣምሮ፣ ታሪኩን ሊሰማ ፈገግ ብሎ ቆሟል።

«ሶ ሲስተር፣» አለችኝ፣ «ያን ቀን አንተ ምን ፊል አደረግክ?»

አንተ። ሳቄ መጣ። ከዚያ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት፤ ማንበብ አለመቻሌን፣ ማፈሬን፣ አባቷ ሳይጠይቀኝ ጋኔን እንዳወጣልኝ።

«ዌይት፣ ሶ ጋኔኑ ምን አለ?»

«ሰዋስው አረመ።»

«ሰዋስው ምንድን ነው?»

«ግራመር።»

ካሜራውን ሳታወርድ ወደ አባቷ ዞረች። «ዳዲ፣ ማንበብ ስላልቻለች ብቻ?»

«ሳሮን፣ አጥፊው እሱን። ነገሩ እንደሱ አይደለም፣ ማለቴ...»

«ኖ ዳዲ» አለችው። «አንቺ ዝም በይ።»

ዝም አለ። በሕይወቴ ስህተት ሰምቼ ሳላርም ያለፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው።