ባሌ ወተት የሚወስድላት ሴት

ባሌ ጎህ ሲቀድ እየተነሣ መውጣት ሲጀምር መጀመሪያ ለጤናው መስሎኝ ነበር። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲጠግን ቆሞ ስለሚውል፣ ወገቡን ለማፍታታት ይሆናል አልሁ። ሰንበትበት ሲል ግን ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ወተት ሲጎድል አየሁ። ትንሿ ፔርሙዝም ከቦታዋ የለችም። ነገሩ ሸተተኝ። ለእግር ጉዞ የሚወጣ ሰው ወተት አሙቆ መያዝ ምን ያደርግለታል?

እኔ ተጠራጣሪ ሴት ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ተማሪ ሊዋሸኝ ሲል ገና አፉን ሳይከፍት አውቅበታለሁ። «ወተቱን ማን ጠጣው?» ስለው «እኔ ነኝ» አለኝ፣ ዓይኑን ከጫማው ላይ ሳያነሣ። ወተት እንደማይስማማው አገር እያወቀ! ሞኝህን ፈልግ፣ አልሁ በሆዴ።

ከዚያ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በስልኩ የድምፅ መልእክት ሲልክ ሰማሁት። በእንግሊዝኛ ነው፣ በሹክሹክታ። «ዛሬም ወሰድሁላት፤ የተቀበለችኝ መሰለኝ» ይላል። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ነበር። ትኩስ ወተት፣ በማለዳ፣ «እሷ»። ሌላዋ ወልዳለታለች ማለት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? እኛ እኮ ልጃችንን ከቀበርን ገና ዓመት አልሞላንም።

ልጃችን ሴት ነበረች። ስም ገና አላወጣንላትም፤ ሚጣ እያልን ነበር። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ የእኛዋ ሰማንያዋ ሳይደርስ በእንቅልፏ ቀረች። ትኩሳት የለ፣ ሳል የለ፣ ጠዋት ላጠባት ስነሣ የለችም። ሳትጠመቅ ስለ ሄደች ፍትሐት አልተደረገላትም። የንስሐ አባታችን ራሳቸው እንባ እየተናነቃቸው «ሥርዓቱ ነው ልጆቼ፤ እንግዲህ እሱ ያውቃል» አሉን። እኔ አገር ይያዝልኝ ብዬ አለቀስሁ። ባሌ አላለቀሰም። ያን ጊዜም ጠርጥሬው ነበር፤ እንዴት አንጀቱ ቻለ ብዬ።

አንድ ማለዳ ነጠላዬን ተከናንቤ ተከተልሁት፤ እሱ በእግሩ፣ እኔ በባጃጅ። ባለ ባጃጁ «እህቴ፣ ልቅደመው ወይስ?» ሲለኝ «ዝም ብለህ ቀስ በል!» ብዬ አፉን አስያዝሁት። ባሌ ወደ ጣና ዳር ወርዶ፣ ታንኳ ከሚታሰርበት አለፍ ብሎ ደንገሉ አጠገብ ቆመ። ሴት የለም። ሕፃን የለም። ፔርሙዙን ከፈተ፣ ወተቱን በክዳኑ ቀዳና ሐይቁ ላይ አፈሰሰው። ከዚያ መዳፉን ግንባሩ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። በስመ አብ! ሌላ ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር።

«ምን መተት ነው የምትሠራው?» ብዬ ከኋላው ስጮኽ ክዳኑ ከእጁ ወደቀ።

ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። በስልኩ የሚያነበው ተከታታይ የእንግሊዝኛ ልቦለድ አለ፤ ሰይፍና ዘንዶ የሞላበት፣ የሌለ ዓለም የሚተረክበት ዓይነት። እዚያ ውስጥ የመሻገሪያዋ እመቤት የምትባል አምላክ አለች። ስም ሳይወጣላቸው የሞቱ ሕፃናትን አዝላ ወንዝ ታሻግራለች። በየአገሩ እንዲህ ከልቦለድ የተገኙ አማልክትን የሚያመልኩ ሰዎች አሉ አለኝ፤ በስልክ ይገናኛሉ። አንዱ ለአንጥረኞች አምላክ ሻማ ያበራል፣ አንዷ ለመንገድ አምላክ ዳቦ ትቆርሳለች። የእኔው ጉድ ደግሞ ከእመቤቲቱ ሌላ የደጃፍ ጠባቂም አለው። ለካ ከቤት ሲወጣ መቃኑን የሚነካካው ለዚያ ኖሯል!

«አንዷ አልበቃ ብላህ ሁለት!» አልሁት። «ሰው የፈጠራት መሆኗን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሚጣን የሚቀበልልኝ ሌላ አጣሁ።»

አዘንሁለት፤ ግን አላመንሁትም። እሑድ ከእኔ ጋር ቅዳሴ ያስቀድሳል፣ ሰኞ ለልቦለድ ወተት ያፈስሳል፤ እንዲህ ያለ ሰው ነገ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል? ልጄን አጥቻለሁ፤ ባሌን ደግሞ ዓይኔ እያየ እብደት ሊወስድብኝ ነው። በዚያ ላይ ልጄን ሳያማክረኝ ለማላውቃት ሴትዮ አስረክቦብኛል። ሞግዚት እንኳ ሲቀጠር ዋስ ይጠየቅ የለ እንዴ? «መጻሕፍቱን ላክልኝ» አልሁት።

በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ፣ የፈተና ወረቀት እንደማርም አነበብኋቸው። መጀመሪያው ላይ መርከብ ሙሉ ሰው ታሰጥማለች። ሁለተኛው ላይ ትዋሻለች። ያዝኋት! አልሁ። መጨረሻው ላይ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አገኘሁ፤ ትሞታለች። ሌሎቹ አማልክት ተባብረው ሰይፏን እንደ መዘዘች ይገፈትሯትና ሙታን አገር ትወድቃለች። ከዚያ የሚወጣ የለም፤ መጽሐፉም እዚያው ያልቃል። እልል ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ።

ይህን በሆዴ ይዤ ቅዳሜን ጠበቅሁ። ወንዛዬ ፍል ውኃ ይነከር፣ የያዘው ነገር ካለ ይለቀዋል ብዬ አሳምኜው ነበር። እሱም እሺ አለ፤ እሺ ማለቱ ራሱ አጠራጠረኝ። መንገዳችን ላይ፣ ሐሙሲት ከተማ መኪናው ሲቆም ሻይ ቤት ገባን።

«አምላክህ እኮ ትሞታለች» አልሁት፣ ሻዬን እያማሰልሁ። «መጨረሻውን አላነበብኸውም መሰለኝ።»

«አንብቤዋለሁ» አለ። «ሁሉንም ጨርሼ ነው ወተት መውሰድ የጀመርሁ።»

«የሞተች ታመልካለህ? ጤና የለህም?»

«ሚጣስ የት ናት?»

ቢጨንቀኝ «ጌታም እኮ ሲኦል ወርዷል» አልሁት።

«ወርዷል። ግን ወጥቷል» አለ። «እሷ እዚያው ቀረች። ልጅቱ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው።» ከዚያ አለቀሰ። በቀብሯ ዕለት ያላለቀሰው ሰውዬ፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየው አለቀሰ።

ረዳቱ ውጭ «ግቡ፣ ግቡ!» እያለ የመኪናውን ጎን ይደበድባል። እኔ በዚያች ሴትዮ ያን ጊዜም አላመንሁም፣ ዛሬም አላምንም። ግን መጻሕፍቱን ስህተቷን ፍለጋ፣ መስመር በመስመር ነበር ያነበብኋቸው፤ የመጨረሻው ገጽ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

«ስትወድቅ ሰይፏን ለቅቃዋለች» አልሁት፣ እጁን ይዤ። «ተጽፏል፣ አይቼዋለሁ። ሁለቱም እጇ ባዶ ነበር። ልጅ ማቀፍ ትችላለች።»