የተቆጣጣሪው የመጠየቂያ ሰዓት

ሆስፒታል ውስጥ ከአልጋዬ ጎን የተኙት ሰውዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ሲቆጣጠሩ የኖሩ ናቸው። እሳቸው ጡረታ ወጡ እንጂ ጥርጣሬያቸው አልወጣም። ሾርባ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የእኔን ሳህን ያያሉ። እግሬ ተሰቅሎ መነቃነቅ የማልችለውን እኔን እንኳ ብርቱካናቸውን እንዳልነካ በጎን እያዩ ይጠብቁኛል።

አንድ ቀን ኃላፊዋ ነርስ እየዞረች ጠያቂ በስንት ሰዓት እንዲገባልን እንደምንፈልግ ጠየቀችን። ሁላችንም ጠዋትም ማታም ይግባ አልን። እሳቸው ብቻ ከምሳ በኋላ ካለችው አንዲት ሰዓት ሌላ አልፈልግም ብለው ድርቅ አሉ። ነርሷም እንደየምርጫችን ለበረኛው ነገረችው።

ነገሩ ግራ ገባኝ። አንድ ልጃቸው ሌሊት ዳቦ ቤት የሚሠራ ጋጋሪ ነው። ጠዋት ከሥራ ሲወጣ ጎራ ይል ነበር፤ እሳቸው የመረጧት ሰዓት ደግሞ የእንቅልፍ ሰዓቱ ናት። ይህንኑ ብነግራቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አውቄ ነው። ጠዋትማ መንገዱ ስለሆነ ነው የሚመጣው። እኔን ፈልጎ ይሁን ቤቴን ለመውረስ፣ እንቅልፉን ሲተው ይለያል።"

ሰው የገዛ ልጁን እንደ ተሳፋሪ ይፈትሻል? በጣም ተናደድኩባቸው።

ልጁ ግን መጣ። ሰዓቱን ያወጣው ሆስፒታሉ መስሎት በየቀኑ መጣ። ዓይኑ ደም መስሎ፣ ዱቄቱ ከቅንድቡ ሳይለቅ፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል። አባትየው እንቅልፉንም ጠረጠሩ። ላለማውራት የሚያስመስል እየመሰላቸው ትንፋሹን ያዳምጣሉ። ከሄደ በኋላም ወደ እኔ ዞረው፣ ገና ነው፣ እናያለን ይሉኛል።

ትናንት በዚያችው ሰዓት ፊቱ ጠርቶ፣ ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። አባትየው ወዲያው ነገር ሸተታቸው፤ ዛሬ እንዴት አላንቀላፋህም፣ የት አድረህ ነው ብለው አፋጠጡት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው። ምድጃው ፊት እንደቆመ እንቅልፍ ጥሎት ዳቦው ሁሉ ከሰለ። ከሥራም አሰናበቱት።

"አያስቡ አባባ" አላቸው። "ከእንግዲህ በፈለጉት ሰዓት እመጣለሁ።"

ተቆጣጣሪው ወደ አልጋው ጠርዝ ተጠጉና ከጎናቸው ቦታ ለቀቁለት።

"ና ልጄ፣ ትንሽ ተኛ" አሉት።

ልጁ ግን ቤቱ እንቅልፉን ጠግቦ ነበር የመጣው።