ትልቅ ማዞሪያ ያለው

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የወጣነው ሰበታ ገበያ ነበር፤ ለአሮጌዎቹ ስፒከሮቻችን ሪሲቨር ልንመርጥ። ባሌ አንዱን ባለሱቅ «ሪሲቨር አለህ?» ቢለው የዲሽ ሪሲቨሮች አምጥቶ ደረደረለት።

«ሙዚቃ ልሰማበት እንጂ ቴሌቪዥን ላይበት አይደለም» አለ ባሌ።

«አባቴ፣ እርስዎ የሚሉትማ አምፕሊፋየር ነው!» ብሎ ባለሱቁ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን።

ከዚያ ሁለት አወጣልን። ባሌ ሰማያዊ መብራት ያለውን፣ በሪሞት ብቻ የሚሠራውን ወደደ። እኔ ትልቅ የድምፅ ማዞሪያ ያለውን ያዝኩ።

«ለምን እሱን?» አለኝ።

«ሪሞቱን ትደብቅብኛለሃ! ይኼን ግን ባጠገቡ ሳልፍ እቀንሰዋለሁ።»

እየሳቀ የእኔን አስጠቀለለ። ብዙም ሳይሰማበት አረፈ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ማዞሪያውን እሱ ይወደው በነበረው ልክ ከፍ አድርጌ ሙዚቃ እሰማለሁ።