የአባቴ ክብደት

አባቴ ሆስፒታሉ አልጋ ላይ አንድ ቀን እንኳ ተረጋግተው አልተኙም። ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ በመስኮት ወደ ጭላሎ ተራራ ያያሉ፣ ጫማቸውን ይፈልጋሉ። እኔ እዚያው አሰላ፣ በተኝቶ ማከሚያው ክፍል ነርስ ነበርኩ፤ ሌላውን በሽተኛ መርፌ እየወጋሁ ዓይኔ እሳቸው ላይ ነው። በየት በኩል ወጥተው እንደሚሄዱብኝ አላውቅም።

የሚያቁነጠንጣቸው የቤቱ ነገር ነበር። ከጮሌ ከተማ ወዲያ ያለው አገራችን መንደር ምስረታ ገብቶ፣ ተበታትኖ የኖረው ገበሬ ቤቱን እያፈረሰ አንድ ሜዳ ላይ በመስመር እንዲሠራ ታዟል። የጎረቤቶቻችን ጣሪያ መውረድ ጀምሯል። የእኛ ተራ ሊደርስ ሲል ነው የአባቴ ሆድ የተነፋውና አጎቴ በእህል መኪና ጭኖ ያመጣልኝ። ሐኪሙ መርምሮ፣ ጉበታቸው ከቆየ በሽታ የተነሳ ጠጥሯል፣ ሆዳቸውም ውኃ ቋጥሯል አለኝ። አባቴ አረቄ የሚያበዙ ሰው አልነበሩም፤ ልጅ ሳለሁ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ የከረሙበትን ሕመም ግን አስታውሳለሁ።

በሳምንቱ ስንመዝናቸው ክብደታቸው ጨምሯል። አባቴ ከሚዛኑ ሳይወርዱ ሳቁ።

“አየሽ? ወፍሬያለሁ። በይ ልብሴን ስጪኝ።”

አጎቴም ደስ አለው። “ሄጄ እናትሽን ላብስራት፤ የሆስፒታሉ ምግብ ተስማምቷቸዋል” አለ።

እኔ ግን ደስታው አልዋጥልሽ አለኝ። ያን ቀን ጠዋት ገላቸውን ሳጥባቸው ክንዳቸውን ይዤ ነበር፤ ጣቶቼ ዙሪያውን ያለ ችግር ተገናኙ። ዕድሜ ልኩን በሬ ጠምዶ የኖረ ክንድ ነው። የግንባራቸው ግራና ቀኝ ጎድጉዷል፣ የአንገታቸው ሥር አጥንት ወጥቷል፣ ሸሚዛቸው ደግሞ ሆዳቸው ላይ አልቆለፍ ብሏል።

ሄጄ ለሐኪሙ ነገርኩት። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ሳይውል ሳያድር ሜትር ይዞ መጣና የክንዳቸውን መሀል ለካ፣ የትከሻቸውንና የጭናቸውን ሥጋ ዳሰሰ፣ ከወንበር ላይ ምንም ሳይደገፉ እንዲነሱ ጠየቃቸው። አልቻሉም። ከዚያ እጁን ዘረጋላቸው።

“አባት፣ ባለዎት ኃይል ይጨብጡኝ።”

አባቴ ጥርሳቸውን ነክሰው ጨበጡት። ሐኪሙን ቅንጣት አላመመውም።

“ቀን ምን ምን ይበላሉ?”

“የሰጡኝን።”

“ይጨርሱታል?”

የመለሰው አጠገባቸው የተኛው በሽተኛ ነው፤ “አንድ ሁለት ጎርሰው ለእኛ ይሰጡናል።”

“ቶሎ እጠግባለሁ እኮ!” አሉ አባቴ ተቆጥተው። “ሆዴ ሞልቶ የት ላድርገው?”

በማግስቱ ውኃው በመርፌ ተቀዳ። እንደገና ሚዛን ላይ ስናወጣቸው ቀስቷ ወደ ኋላ ሸሸች። አባቴ ጎንበስ ብለው አዩና፣ “ይሄ የማን ነው?” አሉ።

“የእርስዎ ነው አባባ። ያኛው ውኃ ነበር።”

ሐኪሙ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አስረዳቸው። የታመመ ጉበት ስንቅ አይዝም፤ ሆድ ባዶ ሆኖ ሲቆይ ሰውነት የራሱን ሥጋ ይበላል። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት፣ ግን ቶሎ ቶሎ ይብሉ፤ ሊተኙ ሲሉም፣ እንደነቁም ሆድዎ ባዶ አይሁን። እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮ ይብሉ። ጨው ግን በጣም ይቀነስ።

“እኛ ለከብቱ እንኳ ጨው እንሰጣለን” አሉና አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እያጉረመረሙም ቢሆን መብላት ጀመሩ። እኔም ከሥራዬ መሀል የአጃ ሾርባ ይዤ እሮጣለሁ። ብዙም ሳይቆይ ግን አጎቴ ተመልሶ መጣ፤ የእኛ ቤት ሊነሳ ነው። አባቴ የጠበቁኝ ጫማቸውን አድርገው ነው።

“አባባ፣ እናቴ አለች፣ አጎቴ አለ፤ እርስዎ ሄደው ምን ሊያደርጉ ነው?”

“ያቆምኩት ቤት ሲፈርስ እኔ እዚህ ተኝቼ እንቁላል ልብላ?”

ሐኪሙ አየን፣ አሰበ። “ካስቀረናቸው አይበሉም። አብረሻቸው ሂጂ” አለኝ። ፈቃድ ጠይቄ እኔም መኪናው ላይ ወጣሁ።

ስንደርስ የጣሪያው ሣር ወርዷል። ሰው ሁሉ ምሰሶና ማገር ተሸክሞ ወደ አዲሱ ሜዳ ይተማል። ሥራውን የሚያስተባብረው ሰው መልሶ መነፋት የጀመረውን የአባቴን ሆድ አይቶ ሳቀ።

“ከተማ ተስማምቶዎታል አባት! በሉ ይቺን ያንሱልን።”

አባቴ የእውነት ጎንበስ አሉ። የምሰሶውን ጫፍ ከመሬት አላቀቁት፤ ከዚያ በላይ ግን አልነሳላቸው አለ። ሮጬ ደረስኩና ምንም ሳልናገር ጋቢያቸውን ገልጬ ክንዳቸውን አሳየሁት። የሰውየው ሳቅ ከፊቱ ጠፋ። እናቴን በኦሮምኛ ምን አገኛቸው ብሎ ጠየቃት፤ እሷም በኦሮምኛ መለሰችለት። ከዚያ ምሰሶውን ራሱ ተሸክሞት ሄደ።

አባቴ ጋቢያቸውን መልሰው፣ “ሰው ፊት!” አሉኝ በቀስታ። ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ እናቴ ገና ጭቃ ያልነካው የአዲሱ ቤታችን ግድግዳ ሥር እንቁላል ቀቅላ አቀረበች። አባቴ በመስመር የቆሙትን ቤቶች እያዩ በሉት። “ጨው ቢኖረው” አሉ፤ አሉና ሌላ አነሱ።

ቤቱ ከተከደነ በኋላ፣ “በይ ወደ ሐኪምሽ እንሂድ” ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። ሆዳቸው እየሞላ፣ እየተቀዳላቸው፣ አንድ ሌላ የስንዴ አጨዳ አዩ። ክንዳቸውም የድሮውን ባይሆን ትንሽ ሥጋ ያዘ። በቀጣዩ ክረምት ማለቂያ ደም አስመለሳቸውና ጭቃው መኪናውን ይዞት፣ አሰላ ሳይደርሱ መንገድ ላይ አረፉ።

ደርግ ሲወድቅ ሰዉ ቤቱን ከአዲሱ መንደር እየነቀለ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። እናቴ ግን እምቢ አለች። “ቤት ሲፈርስ አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ይበቃኛል” አለችን።