የማጀቴዋ ስም

ሳሊሃ የተወለደችው ማጀቴ ነው። አብዱረሂም አግብቷት ሸዋ ሮቢት የገባች ለት፣ አማቷ እማማ ዘምዘም ከእግር እስከ ራሷ ቃኟትና «የማጀቴዋ፣ ግቢ» አሏት። ያ ጥሪ ሰላሳ ምናምን ዓመት ከላይዋ አልወረደም።

በዚህ ቤት ሙሽራ የመጀመሪያ አረፋዋን ስታከብር አማቷ ስም ታወጣላታለች፤ ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ የሚጠራት በእሱ ነው። የአብዱረሂም ታናሽ ወንድም የሰዲቅ ሚስት ከሳሊሃ በኋላ መጥታ፣ በዓመቷ «ወርቄ» ተባለች። ለሳሊሃ ግን አረፋ አልፎ አረፋ ሲተካ፣ የማጀቴዋ ሽንኩርቱን አርሚ፣ የማጀቴዋ ፍየሏን እሰሪ፣ እንዲሁ ሆኖ ቀረ።

ለሰው አትናገረውም እንጂ ይቆጫት ነበር። ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብላ፣ የቆላው ፀሐይ ጀርባዋን ሲጠብሰው፣ ለራሷ ታንጎራጉራለች፦

ስም የሌላት ወፍ ከዛፍ ላይ ሰፍራ፣
ማን ተብላ ትምጣ ወፍ ሁሉ ሲጠራ።

ዘንድሮ ደግሞ አማት የመሆን ተራው የእሷ ሆነ። ልጇ ፈይሰል ናጅዋን ከአጣዬ አግብቶ አመጣና አረፋ ደረሰ። ሳሊሃ ስም ስታወጣና ስታወርድ ሰነበተች። ደህና ደህናው ስም አፏ ድረስ ይመጣና፣ «እኔ ሳይደርሰኝ?» የሚል ነገር ጉሮሮዋ ላይ ይይዘዋል። ታዲያ ልጅቷ ምን በደለች? የአጣዬዋ ብላ ልታስቀራት ነው? ይህን ስታስብ የገዛ ሆዷ አስደነገጣት።

የአረፋ ለት ወንዶቹ ከሶላት ተመለሱ፤ ሙክቱ ታረደ፤ ጥብሱ ቀረበ። ከማንጎው ጥላ ሥር፣ ከእማማ ዘምዘም ጀምሮ ዳዴ እስከሚለው የወርቄ የልጅ ልጅ ድረስ፣ ቤተሰቡ ተኮለኮለ። ዱዓው ተደርጎ «አሚን» ሲባል ሁሉም ወደ ሳሊሃ ዞረ። ስሙ ሳይወጣ ስጋ የሚቀምስ የለም።

«በይ እንጂ የማጀቴዋ» አሉ እማማ ዘምዘም፤ «ስጋው እኮ ቀዘቀዘ።»

«ስም ነው መሬት የምታከፋፍይው?» አለ አብዱረሂም። ሳቁ።

ሳሊሃ አልሳቀችም። «እማማ፣ ልጅቷንስ ልሰይም። ግን የሌለኝን ከየት አምጥቼ ልስጥ? ለእኔ ያላወጡልኝ ምን አጥፍቼ ነው?»

ፈይሰል የእግሩን ጣቶች ያይ ጀመር።

«እኔ እኮ የማጀቴዋ ያሏት ስም አውጥተውላት መስሎኝ ነበር» አለ አብዱረሂም።

«ዝም ይበሉ እስቲ!» አለች ወርቄ።

እማማ ዘምዘም የሙስበሃቸውን ጨሌ መቁጠር አቆሙ። «ምንም አላጠፋሽም» አሉ። «እኔ ለልጄ ያሰብኩት የአሊዩ አምባ ልጅ ነበረች። አንቺን አምጥቶ ጉድ ሲሠራኝ፣ ይቺማ ክረምቱንም አትከርም አልኩ። ለማትከርም ደግሞ ስም አይወጣም። አንቺ ከረምሽ፤ ወለድሽ። በሚቀጥለው አረፋ ላወጣልሽ ስል አፈርኩ። በዚያኛውም አፈርኩ። እፍረት ሲያድር ይከብዳል ልጄ።»

«አሁንስ?» አለች ሳሊሃ። ድምጿ እንደ ሕፃን ቀጠነ።

«አሁንማ አልሐምዱሊላህ፣ ዘልቀሻል። ዘለቀች ብዬሻለሁ።»

«አሚን!» አለ ቤተሰቡ።

ሳሊሃ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። ስንት አረፋ የናፈቀችው ነገር እጇ ሲገባ፣ ደስታ ብቻ አልሆነም። ለካ ያን ሁሉ ዘመን በእንግድነት ስትታይ፣ ስትመዘን ኖራለች። ማሳው ውስጥ ያሳለፈችው ወጣትነቷ ትዝ አላት፤ ለዚያች ልጅ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ወደ ሙሽራዋ ዞረች።

«አንቺ ደግሞ ብርቄ ነሽ» አለቻት። «ብትከርሚም፣ ባትከርሚም።»

ናጅዋ ከተቀመጠችበት ተነስታ የሳሊሃን ጉልበት ሳመች። እማማ ዘምዘም ይህን ሰምተው ራሳቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁ።

ከዚያማ መብላቱ፣ መጎራረሱ፣ ጫጫታው ቀጠለ። በመሃል እማማ ዘምዘም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ዘለቀች! እስቲ ጨው አቀብይኝ» አሉ።

ሳሊሃ ማን እንግዳ መጣ ብላ ወደ አጥሩ በር ዞረች። በሩ ላይ ሰው የለም።

«እማዬ» አለቻት ናጅዋ፣ ሳቋን እየዋጠች፣ «እርስዎን እኮ ነው።»

«እኔን?» አለች ሳሊሃ። ብድግ አለችና፣ ጨውን ረስታ፣ ባዶ እጇን ወደ አማቷ ሄደች።