ከወንዙ ማዶ የወረደው በረዶ

ደብተራ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚኖሩት ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ በስተ ምሥራቅ ባለችው በገብርኤል ደብር ነበር። ጣልያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት ማሕሌት ይቆሙ፣ ለልጆችም ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። እንጀራቸው ግን በረዶ መመለስ ነው። ገብስ በሚያሽትበት ወራት ደመና ሲጠቁር ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ይወጣሉ፤ ዳዊታቸውን እየደገሙ በመቋሚያቸው ደመናውን ሰው ወደሌለበት ገደል ይመሩታል። አውድማ ሲነሣም ባላገሩ ሁሉ አንድ አንድ ቁና ገብስ ይሰፍርላቸዋል። በረዶው ገደል ከገባ እሳቸው መለሱት ይባላል። ማሳ ላይ ከወረደ ደግሞ በዓል የሻረ ሰው ይፈለጋል። እንዲህ ሆነው ብዙ ዓመት ኖሩ።

ያ ዓመት ጥቅምቱ የወትሮው ጥቅምት አልነበረም። አደይ አበባው ሳይረግፍ ብርድ ገባ። ጠዋት ከስሜን በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍሳል፤ ፀሐይ ብልጭ ትልና መልሳ ጉም ውስጥ ትገባለች። ገብሱ ገና ደኅና አልደረቀም፤ የቀረችው አንዲት ሳምንት ናት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ደብተራውን ከበባቸው።

«የኔታ፣ ሳምንቱ እንዴት ነው?» አለ የደብሩ ጭቃ ሹም ጎሹ።

«ሸጋ አይደለም። ሰኞና ማክሰኞ ካፊያና ጉም ነው። ከዚያ ወዲያ ፀሐይዋ ቀትር ላይ ካተኮሰች ደመናው ይከመራል።»

«በረዶ አለው?»

«ያለው ይመስለኛል።»

«እንግዲያ መቋሚያዎን ይወልውሉ። ዘንድሮ ካመለጠዎ የእርስዎን ቁና ጠላ ጠምቀን ነው የምንጠጣው።»

ሰዉ ሳቀ። ይህን ጊዜ የደብተራው ልጅ ወለላ ደረሰች። ያገባችው ከወንዙ ማዶ፣ ከኪዳነ ምሕረት ደብር ፋንታሁንን ነው። ሦስት ልጆች አሏት፤ ያላቸውም አንድ የገብስ ማሳ ነው።

«አባ፣ ፋንታሁን ልኮኝ ነው» አለች። «የኛ ገብስ ግማሹ ቢጫ ግማሹ አረንጓዴ ነው። እንጨደው ወይስ ይቆይ?»

በአረንጓዴው ቢታጨድ ግማሹ እንኳ ለቤት ይተርፍ ነበር። ደብተራው እጨዱት ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ጎሹ ቀደማቸው።

«ምነው ወለላ፣ አባትሽ ጉብታው ላይ ቆመው እሸት የምታጭጂው ለማን ብለሽ ነው? በረዶም የአማቻቸውን ማሳ ያውቃል እኮ።»

ሰዉ እንደገና ሳቀ። ደብተራው ቁና የሚሰፍርላቸውን ሰው ሁሉ ዙሪያውን አዩ። «ይቆይ፤ አይቼ እነግርሻለሁ» አሏት። ወለላ እጅ ነሥታ ወንዙን ተሻግራ ሄደች።

ሰኞና ማክሰኞ እንዳሉት ካፊያና ጉም ሆነ። ረቡዕ ቀትር ላይ ፀሐይዋ አተኮሰች፤ ከሰዓት በኋላ ከስሜን ተራሮች በኩል ሆዱ የነጣ ጥቁር ደመና መጣ። ደብተራው ጉብታው ላይ ወጡ። ሰው ሁሉ ከየደጁ ቆሞ ያያቸዋል። መቋሚያቸውን ወደ ገደሉ አቅንተው ድምፃቸው እስኪሰልል ደገሙ። ደመናው ከገብርኤል ማሳ ዳር ጥቂት የበረዶ ፍሬ ጣለ፤ ከዚያ ነፋሱ ዞረ። ገደሉን ትቶ ወንዙን ተሻገረና ከኪዳነ ምሕረት ማሳዎች ላይ ሲደርስ እንደ ጆንያ ተቀደደ።

ከታች እልልታው ቀለጠ። ጎሹ እያለከለከ ጉብታውን ወጣ።

«ይበል የኔታ። ዘንድሮስ በቁልል ነው የምንሰፍርልዎ።»

«ልጄ እዚያ ናት» አሉ ደብተራው።

ጎሹ ማዶውን አየ፤ ምድሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል። «መቼም አንድ ቦታ መውደቁ አይቀርም» አለ።

ሲመሻሽ ደብተራው ወንዙን ተሻገሩ። በረዶው ከየአጥሩ ሥር ተቆልሎ ገና አልቀለጠም። የልጃቸው ገብስ ከጭቃው ጋር ተለስኗል። ፋንታሁን ድንበሩ ላይ ተቀምጦ አንድ ዛላ በመዳፉ ያሻል፤ ከዛላው የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው።

«አይቼ እነግርሻለሁ ብለው አልነበር?» አለ ቀና ሳይል።

«ብዬ ነበር።»

«ይኸው አዩት።»

በማግስቱ የኪዳነ ምሕረት ሽማግሌዎች ፋንታሁን ቤት መጡ። «ሚስትህ የዚያ ሰው ልጅ ናት» አሉት። «የራሱን ደብር አድኖ የኛን አስበላው። ወይ መጥቶ በደጀ ሰላሙ ይማል፣ ወይ ልጁን ይውሰድ። እሷ እያለች ከቤትህ እሳት የሚጭር፣ ለደቦህ የሚመጣ ሰው የለም።»

ፋንታሁን ሄዶ ይህንኑ ለደብተራው ነገራቸው። ደብተራው ሌሊቱን እንዴት እንዳደሩ አላውቅም። አልላክሁም ብቻ ብለው ቢምሉ የሚበቃ አልነበረም፤ መመለስ የሚችል መላክም ይችላል ይባላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በኪዳነ ምሕረት ደጀ ሰላም፣ በሩን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ከገብርኤልም ጎሹና ጥቂት ሰዎች ሊሰሙ መጥተው ነበር።

«ይህን በረዶ አልላክሁም» አሉ። «ልኬ አላውቅም፤ መልሼም አላውቅም። ነፋስ ያመጣዋል፣ ነፋስ ይወስደዋል። ሐሰት ተናግሬ እንደሆነ ኪዳነ ምሕረት ትፍረድብኝ።»

ጎሹ ጋቢውን አጣፍቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲያ በገብርኤል አንድም ሰው አልሰፈረላቸውም። የኪዳነ ምሕረት ሽማግሌዎች ግን ወለላን ተዉአት።

ከመሐላው በኋላ ደብተራው ወደ ልጃቸው ቤት ገቡ። ወለላ የሚቀመጡበትን አጎዛ አነጠፈችላቸውና ቆመች።

«አባ፣ የማልኸው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ያን እሑድም ታውቀው ነበር?»

«አውቀው ነበር።»

«እንግዲያ ያ ሁሉ ሰው ሲስቅብኝ፣ እጨዱት ማለት አቅቶህ ነው? እኔ እኮ ሦስት ልጅ አለኝ።»

 

ለዓመት የሚሆን እህል ከቤቱ ስለሌለ ፋንታሁን ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሳንጃ ቆላ ሊወርድ ተነሣ። በሚነሣበት ጠዋት ደብተራው ስንቅ በአቁማዳ ቋጥረው ደጁ ላይ ቆመው አገኛቸው።

«እርስዎ ደግሞ ወዴት?»

«አብሬህ እወርዳለሁ።»

«ሰሊጥ እኮ ዳዊት አይደገምለትም።»

«ማጭድ ይዣለሁ» አሉ።

ፋንታሁን ሊመልሳቸው ፈልጎ ወደ ሚስቱ አየ። ወለላ ወደ ጓዳ ገባች። ሁለቱ ተከታትለው ወረዱ።

ፋንታሁን በኋላ እንዳወራው፣ ደጋ ላይ ያረጀው የደብተራው ገላ ያን ሙቀት አልቻለውም። ቢሆንም ከጎረምሶቹ እኩል ይነሣሉ፤ የሚያገኙትንም ሁሉ ለእሱ ይሰጡ ነበር። አጨዳው ሳያልቅ ንዳድ ያዛቸው፤ እዚያው ቆላ ተቀበሩ። ፋንታሁን የሁለት ሰው ድካም በአህያ ጭኖ ተመለሰ። ልጆቹ ያን ክረምት አልተራቡም።

የገብርኤል ሰዎች ከጭልጋ በኩል ሌላ ደብተራ አመጡ። በከርሞው ገብሱ ሳይደርስ በረዶ ማሳቸውን መታው። ያኔ ጎሹ፣ «ኃይለ ጊዮርጊስ ልጁን ሊያድን በሐሰት ምሎ ኖሯል፤ ንዳዱም የመሐላው ቅጣት ነው» ማለት ጀመረ። ወሬው ወንዙን ተሻግሮ በኪዳነ ምሕረትም ተወራ፤ ሽማግሌዎቹም ተቀበሉት። ወለላ፣ አባቴ የማለው እውነት ነው ብትል የሚሰማት አጣች። የሚያምናት ፋንታሁን ብቻ ነው፤ እሱም ይህ ነገር ሲነሣ ከቤት ይወጣል።